ጥቁር ብረት አትንኪ

አርባ ሺህ ሰከንድ ዐይኑን ሳይከድን
የሰማዩ መነጽር አፍጥጦ ቢያድን፣
ያገኘው ይኸው ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት
የኤክስሬይ ቅንጣት።

ታኅሣሥ ነው በቱርኩ። ከቀኑ ዘጠኝ ላይ
ተሰናብታ ሄዳለች ያቺ ስስታም ፀሐይ።
መስኮቱ ሥር ወንዙ በረዶ ለብሷል፤
የኮከቡ መልእክት ትናንት ማታ ደርሷል።
እፍኝ አትሞላም። ማሽኑ የቆጠራትን
ኢርሜሊ ደግማ ቆጠረች፣ በጣቷ፣ እያንዳንዷን።
ሃያ ሺህ ዓመት ተጉዘው የመጡ እንግዶች ናቸው፤
ሰው እርሻ ሳያውቅ ነበር ከቤት መውጣታቸው።

ከዐሥር ዓመት በፊት ያ ኮከብ ሌላ ነበር፤
ከጎረቤቱ እየላፈ፣ እያግበሰበሰ ሲኖር
ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እንደ ጉድ ነደደ፤
ስንቱን መነጽር ጠራ፣ ስንቱን አስገደደ።
አንድ ቀን ማዕዱ ተነሣ፤
ጎረቤቱ ነፈገው፣ ወሬውም ተረሳ።
ተመራማሪው ሁሉ ወደሚነድደው ሮጠ፤
የእሷ ዐይን ብቻ እጠፋው ላይ ተቀመጠ።

«እሳት አመድ ወለደ» — ተረቱ አመዱን ይንቃል፤
በአመዱ ሆድ ያደረውን ረመጥ ማን ያውቃል?
ስፋቱ ከተማ ቢያክል፣ ክብደቱ ፀሐይን ያስንቃል።
በልቶ የጋለው ቅርፊት ዝም ብሎ ይበርዳል፤
በየዓመቱ ጥቂት፣ በየዓመቱ ይወርዳል።
አወራረዱን ያየ፣ ድንጋይ ሳይቆፍር፣
ያነባል ከሥር ያለውን፣ እጅ የማይደርስበትን ምሥጢር።

ሰዓት አዳዮቹ ግን በየዓመቱ ይጽፋሉ፤
«ዝም ላለ ኮከብ ይህ ሁሉ ሰዓት? ምን ይታያል?» ይላሉ።
መልሷ አንድ ነው፤
ዝምታው።

ዝምታ ለእሷ ባዳ አይደለም።
ሠላሳ አንድ ዓመት መርከብ ሲበይድ የኖረ አባት አላት፣
ካውኮ፤ ስሙ በቋንቋቸው «ሩቅ» ማለት ነው፤
እናቷን ከቀበሩ ወዲህ
ቃል እንደ ብርቅ ሚስማር ቆጥቦ የሚሰጣት።

ዘጠኝ ዓመቷ ላይ መርከብ መሥሪያው ወስዷት፣
ከቀዩ ብረት የሚፈናጠረው ብልጭታ አስደንግጧት
ወደኋላ ስትሸሽ፣
ጥግ ላይ የተጋደመ ጥቁር ዝርግ ብረት ላይ
አውራ ጣቷን አሳረፈች።
ጠባሳው ዛሬም አለ። ጣቷን ውኃ ውስጥ ነክሮ፦
«ቀዩማ ይናገራል፣ ‹ዘወር በይ› ይልሻል፤
ጥቁሩን ነው መፍራት፣ ዝም ብሎ ያቃጥልሻል።»
ከዚያ የእጁን ጀርባ ከብረቱ ስንዝር አርቆ፦
«እንዲህ ነው የሚለካ፤ ሳይነኩ፣ ተጠንቅቆ።»

ሐሙስ ነው፣ የአተር ሾርባ ቀን።
ሥዕሉን አትማ ይዛለት ሄደች፤
ስምንት ነጥብ፣ ስምንት ዓመት፣ አንድ ቁልቁል የሚወርድ መስመር።
ስሌቷ «ዘንድሮ ይቆማል፣ ይረጋል» ቢልም ቅሉ
ነጥቡ አልረጋም፤ ገና ይወርዳል ቁልቁሉ።
ካውኮ ሾርባውን ትቶ መነጽሩን አጠለቀ፤
ወረቀቱን ወደ መብራት አስጠጋ፣ መልሶ አራቀ።
«ስንት ነው ሙቀቱ?»
«ሚሊዮን ዲግሪ ይጠጋል፣ ከላይ፣ ፊቱ።»
አልደነቀውም። ጠባሳ የወረሰው ጣቱን
የመጨረሻው ነጥብ ላይ ጣለ።
«ወፍራም ነው» አለ።
ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ሲናገር ቆየ። ከዚያ፦
«ስስ ቢሆን ይሄኔ በርዶ ባበቃለት፤
ወፍራሙ ነው እንጂ ሆዱን ለማብረድ ዓመት የሚፈጅበት።»

ቆጠረች። ከልማድ ነው።
የዛሬው አሥራ ሰባት ቃል።
ከአምናው ሐሙሶች ሁሉ ይበልጣል።

ስለ እናቷ አልጠየቀችውም።
ሳህኑን ልታነሣ ጎንበስ ስትል፣
ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋው እጁ አጠገብ
የእጇን ጀርባ ስንዝር አርቃ ለአፍታ አቆየች፤
ሳትነካ ለካች።

ሌሊት፣ ጫማዋ ላይ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ቅጹን ከፈተች።
ለሚመጣው ዓመት፣
ለዚያው ኮከብ፣
ስልሳ ሺህ ሰከንድ።